አጥፋው የተባልኩት ዘፈን

ጠርጣራ ነኝ። ይህን የምለው ለመመጻደቅም ለመናዘዝም አይደለም፤ መልኬን እንደመናገር ነው። አባቴ መተማ ዮሐንስ ኬላ ላይ ጆንያ የሚፈትሽ ሰው ነበር። ሹል ብረት ይዞ እያንዳንዱን የሰሊጥ ጆንያ ይወጋና፣ ውስጡ ሰሊጥ ብቻ መሆኑን ሳያረጋግጥ አያሳልፍም። ቤት ሲገባም ያው ነው። «ትምህርት ቤት ዋልኩ» ስለው ጣቶቼን ገልብጦ ቀለም ይፈልግ ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት በቤታችን እንደ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል። እኔ አድጌ ኬላ ላይ ባልቆምም ያው የሰው ጆንያ የምወጋ ሰው ሆንኩ፤ ብረቴ የድምጽ መቅጃ ሆነ እንጂ።

የምኖረው ገንዳ ውሃ ነው። ጎንደር ላለ አንድ የሬዲዮ የባህል ዝግጅት የቆላውን ዘፈን እየቀዳሁ እልካለሁ። የደጋውን ዘፈን ሁሉም ቀድቶታል፤ የሠርጉም የጥምቀቱም በየሱቁ ሞልቷል። የቆላውን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ በረድፍ ቆሞ የሚያወጣው፣ ማሽላ ሲወቃ የሚባለው፣ ሁሉም ያለ ወሬ ነጋሪ እያለቀ ነው። በትራክተር ጩኸት ላይ ማን ይዘፍናል? ወጣቱም ጆሮው ላይ ሰክቶ የሱዳን ሙዚቃ እየሰማ ነው የሚያጭደው። ሳይጠፋ ልያዘው ብዬ መዞር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ስዞርም ሰው አላምንም። አንድ ሽማግሌ «ይህ የአያቶቼ ነው» ሲሉኝ፣ ከስልክ ሰምተውት እንዳይሆን ብዬ ሌላ ሁለት ሦስት ሰው ሳልጠይቅ ለሬዲዮ አልሰጥም።

በዚህ ጠባዬ የተጎዳሁት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ጦሱ ያረፈው ግን ልጃቸውን ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ በሸኙ፣ እኔን አይተውኝ በማያውቁ አንዲት የጎጃም እናት ላይ ነው።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው የጀመረው። ከሽንፋ ወዲያ ባለ አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ፣ ሁሉም ካንድ ቀበሌ የመጡ ሃያ የሚሆኑ ጎጃሞች ጥሩ ይዘፍናሉ ሲባል ሰምቼ፣ በትራክተር ተጎታች ላይ ተጭኜ ሄድኩ። አጥንቴ እስኪላቀቅ ተናጥኩ። ስደርስ እረፍት ላይ ነበሩ። ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ ማለት ነው፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማይርቅ ቀጭን ሰው፣ ቀና ብሎ አየኝና መቅጃዬ ላይ ዓይኑ ቀረ። የመቅጃዬ ጫፍ ነፋስ እንዳይገባበት ፀጉራም ሽፋን ለብሷል።

«ምን የሚሉት አውሬ ነው?» አለ።

ዘፈን መቅጃ መሆኑን፣ ለሬዲዮ መሆኑን አስረዳሁ። እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ድምፃችን ተወስዶ ማን ጆሮ እንደሚገባ በምን እናውቃለን አለ። ሌላው ከዘፈኑ በኋላ ስም እመዘግብ እንደሆነ ጠየቀ፤ አልመዘግብም ስለው ይበልጥ ጠረጠረኝ። በዚህ ዘመን ሰው ድምፁን ቢሰስት አልፈርድበትም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አልዘፍንም። በመጨረሻ ግን ካቦው ጠቀሳቸውና አጨብጭበው አንድ ዘፈን ጀመሩልኝ። ገና በሁለተኛው ስንኝ ምን እንደሆነ ገባኝ፤ በየሚኒባሱ የሚከፈት የሠርግ ዘፈን ነው። ሊሸኙኝ ፈልገው ነው። ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፍነው ያጨበጭባሉ። በሸቅሁ። መቅጃውን ሳልከፍተው መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ወደ ትራክተሩ ስመለስ አንዱ ተከተለኝ። ሠላሳ ያልሞላው፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው። ማጭዱን በግራ እጁ ይዞታል።

«ወንድማለም፣ ሬዲዮው የሚተላለፈው በስንት ቀን ነው?»

«ለምን ፈለግኸው?»

«እናቴ ሬዲዮ አላት። እኔ ነኝ የገዛሁላት። ምናልባት ሌላ ጊዜ መጥተህ ብትቀዳን፣ በዚህ ቀን አድምጭ እላታለሁ ብየ ነው።»

እሑድ ከስምንት ሰዓቱ ዜና ቀጥሎ ነው አልኩት። ቀኑንና ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ በቃሉ ያዘው። መልካም ቃል እንኳ አልጨመርኩለትም። ተጎታቹ ላይ ተቀምጬ ማስታወሻዬ ላይ «ግራኙ ሰዓቱን ለምን ፈለገ?» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩ አሁንም አለኝ፤ ያን ገጽ ሳየው ፊቴ ይቃጠላል።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቼ ተመለስኩ። ያኔ ግን ሳላስታውቅ ነው የሄድኩት። ካዩኝ ሌላ የሚኒባስ ዘፈን እንደሚሰጡኝ አውቃለሁ። ከሽንፋ በጠዋት ተነስቼ በእግሬ ገሠገሥኩና፣ በእርሻው ጠርዝ ካለ ሂላ ሥር ተቀመጥኩ። ሂላ የሚሉት የታጨደው ሰሊጥ እየታሰረ፣ እንዲደርቅ እርስ በርስ ተደጋግፎ የሚቆምበትን ክምር ነው። መቅጃዬን በነዶዎቹ መካከል ሰክቼ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። እንደ ሌባ መሆኑን አላጣሁትም። ለዘፈኑ ስል ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

ሠራተኞቹ ጎን ለጎን በአንድ ረድፍ ቆመዋል። ካቦው ከቀኝ ጫፍ ሆኖ ያወጣል። ረድፉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በስሙ ሳይሆን በምልክቱ፣ በሰፈሩ፣ በቀልዱ እየለየ ይጠራዋል። የተጠራው «አለሁ!» ይልና አንድ እርምጃ ገብቶ የእጁን ሙሉ ያጭዳል።

«ወንዝ ማዶው ጎበዝ!»

«አለሁ!»

«ባለ ሁለት እናቱ!»

«አለሁ!»

«እንጀራ የማይጠግበው!»

«አለሁ!» ይላል፤ ረድፉ በሳቅ ይንጫጫል፤ ማጭዶቹ ሽው ይላሉ።

ፀጉሬ ቆመ። ስምንት ዓመት የዞርኩት ለዚህ ነበር። ማንም ያልቀዳው፣ ከስልክ ያልመጣ፣ ሥራውና ዘፈኑ አንድ የሆኑበት ነገር። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ክምሩ ሥር ብቻዬን ስስቅ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ካቦው ጠራ። «ግራኙ! የዋርካ ሥሯ ልጅ!»

መልስ የለም።

ማጭድ ሁሉ ቆመ። በማዳመጫዬ የደረቀ ሰሊጥ በነፋስ ሲንኮሻኮሽና ከሩቅ አንዲት ወፍ ስትጮኽ ብቻ ይሰማኛል። እንዲህ ሆኖ ቆየ፤ በኋላ ስለካው አሥራ አንድ ሴኮንድ ነው። ከዚያ ካቦው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ተሰልፈን ሳለን በሰሊጡ ማሳ፣
አንዱ ቀደመና መልስ መስጠት ረሳ»

አለ። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ሰዎች በመካከላቸው ወዳለው ቦታ እኩል ገብተው አጨዱ። ጥሪው ወደ ሚቀጥለው ሰው አለፈ፤ እሱም «አለሁ!» አለ፤ ዘፈኑ ቀጠለ።

ያን ግራኝ ሰው አስታወስኩት። የሬዲዮውን ቀንና ሰዓት አጥብቆ የጠየቀኝ እሱ ነው። ረድፉን በዓይኔ አሰስኩት፤ የለም። ወዲያው አእምሮዬ እንደ ልማዱ ሥራውን ጀመረ። የት ሄደ? ድንበር ተሻግሮ ይሆን? አንድ ነገር ሠርቶ ተሰውሮ ይሆን? እነዚህስ ለምን በዘፈን ይሸፍኑታል? ሁሉን አሰብኩ፤ ሞት ግን አልመጣልኝም። ከዚህ በላይ ማስተባበያ የለኝም።

ካቦው ነዶ ይዞ ወደ ክምሩ ሲመጣ ፊት ለፊት ተጋጠምን። ነዶውን መሬት ላይ ለቀቀው።

«ቀዳኸው?»

«ቀዳሁት።»

«አጥፋው።»

«ለምን?»

«አጥፋው ብየሃለሁ፣ ወንድማለም። የፈለግኸውን እንዘፍንልሃለን። ተቀምጠን፣ ሥራ ፈተን እንዘፍንልሃለን። ይኸን ግን አጥፋው።»

«ግራኙ የት ሄዶ ነው?» አልኩት።

ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። «ውኃ ሊቀዳ» አለ።

ጥላው ሥር የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች አየሁ። አራቱም እስከ አፋቸው ሙሉ ናቸው። እሱም ማየቴን አየ። ሌላ ውሸት ይጨምራል ብዬ ስጠብቅ ምንም አልጨመረም። «ካላጠፋኸው እንኳ እስከ ኅዳር ጽዮን አቆየው። ኸዚያ በኋላ እንደ ፍጥርጥርህ» አለኝ። ድምፁ የለመነ ሰው ድምጽ ነበር፤ እኔ ግን የፈራ ሰው ድምጽ ነው ብዬ ያዝኩት። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ስመለስ መንገድ ላይ ባለ ፍተሻ ጣቢያ ቦርሳዬን አስከፈቱኝ። ፈታሹ መቅጃውን ሲያይ ካልሰማሁት አላሳልፍህም አለ። ማዳመጫውን ሰጠሁት። ግንባሩን ቋጥሮ አዳመጠ።

«ይኼ ሁሉ አለሁ አለሁ ምንድነው?»

«የአጨዳ ዘፈን ነው።»

«አንዱ ለምን ዝም አለ?»

«ውኃ ሊቀዳ ሄዶ ነው» አልኩ። የካቦው ውሸት ከእኔ አፍ ሲወጣ ገረመኝ።

ፈታሹ ሳቀ። «ውኃ ሊቀዳ የሄደን ሰው ምን ብለው ይጠሩታል? እንደሌለ እያወቁ?» መቅጃውን መለሰልኝ። እሱ ነገሩን ረስቶ ወደ ቀጣዩ መንገደኛ ሄደ፤ ጥያቄው ግን እኔ ላይ ተጣበቀ። እንደሌለ እያወቁ ከጠሩት፣ አንድ ነገር አለ። አንድ ነገር ካለ ደግሞ የኔ ሥራ መደበቅ አይደለም አልኩ። ሐሙስ ዕለት ተቋርጦ የከረመው ኔትወርክ ለሁለት ሰዓት ያህል መጣ ሲባል ከተማው ሁሉ ስልኩን ይዞ ወጣ። እኔም ወጣሁ፤ ዘፈኑን ለጎንደር ላክሁት። ለአዘጋጁ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «የዘንድሮው ምርጥ ይኼ ነው። ምንም አትቁረጡ። ዝምታውንም እንዳለ ተዉት።» ዝምታው ይተው ያልኩት ለጥበብ ብዬ አይደለም። ያን ሰው የሚፈልግ ካለ ይስማ ብዬ ነው።

ልኬም አላረፍኩም። የካቦውን ገመና ራሴ ካልደረስኩበት እንቅልፍ አይወስደኝም። ቅዳሜ የኪዳነ ምሕረት ቀን ስለነበር ሥራ እንደሚፈታ አውቄ ተመልሼ ሽንፋ ወረድኩ። ካቦውን ከሻይ ቤት አገኘሁት። ብቻውን ተቀምጧል።

«ግራኙ የት ነው? እውነቱን ንገረኝ፤ አለዚያ ለሚመለከተው እናገራለሁ» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ቃል በቃል።

ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ብርጭቆውን አስቀመጠና «ና» አለኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰደኝ። ከቅጥሩ ጥግ ሣር ያልያዘ አዲስ የመቃብር አፈር አለ። ራስጌው ላይ አንድ ድንጋይ ብቻ ቆሟል።

«ይኸውልህ» አለ። «ውኃ የሚቀዳው እዚህ ነው።»

ትኩሳት ይዞት ሦስት ቀን ተኛ፤ በአራተኛው ቀን በትራክተር ተጎታች ላይ ጭነውት ወደ ጤና ጣቢያ ሲገሠግሡ መንገድ ላይ አረፈ። ካቦው ይህን ሲነግረኝ አላለቀሰም። ለምን እንደማያለቅስ ቀጥሎ የተናገረው አስረዳኝ።

«እናቱ ገና አልሰሙም። መርዶው የኛ ነው። አብረን አውርደነዋል፤ ሥራው ሲያልቅ አብረን ሄደን፣ የንስሐ አባታቸውን ይዘን፣ ጎህ ሲቀድ ቆመን ነው የምንነግራቸው። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው ተባብለን ተማምለናል። እሳቸው ሳያለቅሱ ማናችንም አናለቅስም። በረድፉ ላይ ግን ካልጠራነው ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀራል። እስኪነገርለት ድረስ እንጠራዋለን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ድምፄ ከፍ አለ።

«አንተ ምኑ ነህ?» አለኝ። «ለእናቱ ያልተነገረ መርዶ ለመንገደኛ ይነገራል?»

መንፈሴ የዚያን ጊዜ የት እንደነበር ልናገር፤ አፈሩን እያየሁ፣ በእርግጥ የእሱ መቃብር ይሁን አይሁን ለቅጽበት አሰብኩ። እንዲህ ነኝ። ከዚያ ነገ እሑድ መሆኑ ትዝ አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ሰውየው ለእናቱ ቀኑንና ሰዓቱን ሊነግር በቃሉ እንደያዘው ትዝ አለኝ። ልኬዋለሁ ብዬ ነገርኩት። ቀኑን ለልጁ የነገርኩት እኔ መሆኔንም ነገርኩት። ካቦው እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ሽንፋ ላይ ኔትወርክ የለም። ወደ ገንዳ ውሃ የሚሄድ መኪና ፈለግን፤ ሰሊጥ የጫነ የአይሱዙ ሾፌር «ኻላስ፣ በቃ፣ ዛሬ አልንቀሳቀስም፤ መንገዱ ለነገ ጠዋት ነው» አለን። ለመንነው፤ ካቦው እግሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ሾፌሩ ምን አስቸኮላችሁ ሲል ሁለታችንም ዝም አልን። ቢነገረው ይነሳ ነበር ይሆናል። ነገሩ ግን መርዶ ነው።

እሑድ ጠዋት ተነሳን። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስቆሙን፤ አንድ ጊዜ ጎማ ቀየርን። ገንዳ ውሃ ስንገባ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ስልኬን ሃያ ጊዜ ያህል ሞከርኩ። አይሠራም። ባጃጅ ተሳፍሬ የቢሮ ስልክ ያለበት ሁሉ ዞርኩ፤ እሑድ ነው፣ ሁሉም ተቆልፏል። በመጨረሻ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ቆሜ ዘፈኑን ከመደርደሪያው ሬዲዮ ሰማሁት። ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። «ይኼ ነው እንጂ ዘፈን» አለ አንዱ። ዝምታው ላይ ሲደርስ ባለ ሻይ ቤቷ ሬዲዮው ተበላሸ ብላ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። አሥራ አንድ ሴኮንድ ይህን ያህል ይረዝማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አዘጋጁን በስልክ ያገኘሁት ማክሰኞ ነው። አድማጮች ድገሙልን ብለዋል አለኝ፤ ደስ ብሎታል። እንዳይደግመው ለመንኩት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ የሰው አደራ ነው አልኩና ዘጋሁ። እኔም በተራዬ የውሸት ጀሪካን ተሸካሚ ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አምስት ሳምንታት በተስፋ ነው የኖርነው። ምናልባት ባትሪ አልቆ ይሆናል። ምናልባት ለቅሶ ቤት ወይ ገበያ ሄደው ይሆናል። ከቀበሌያቸው የሚመጣ ወሬ ሁሉ ደህና ነው፤ የተለቀሰ ለቅሶ የለም። ካቦው «አልሰሙም፤ ቢሰሙማ አገሩ ይቀወጥ ነበር» ይለኝ ጀመር። እኔም አመንኩት፤ ማመን እንዲህ የሚቀለኝ አይመስለኝም ነበር። አጨዳውና የደረቀውን ሰሊጥ ማራገፉ ሲያልቅ ግን «ትመጣለህ» አለኝ። «ሰምተው ኸሆነ ያሰማኸው አንተ ነህ። ፊታቸው ትቆማለህ።» መንገድ ላይ ሊደበድቡኝ ይሆን ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ማንም አልነካኝም፤ ይልቅ ምሳቸውን አካፈሉኝ።

ከኅዳር ጽዮን ማግስት ደረስን። ሌሊቱን ካንድ ዘመዳቸው ቤት አሳለፍን፤ ጎረቤቶች በዝግታ ተነገራቸው። ጎህ ሲቀድ ካህኑ ከፊት፣ ካቦውና ጓደኞቹ ቀጥለው፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ሄድን። መርዶ ነጋሪ ሁልጊዜ የሚደርሰው ከተዘጋ በር ነው። የኛ ግን ክፍት ነበር። ዋርካው ሥር ያለው ደጅ ተጠርጓል፤ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል፤ ማሰሮዎቹ ውኃ ሞልተዋል። እናትየው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ካህኑ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ እሳቸው ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አወጡት።

«አምስት ሳምንት ሙሉ ምነው ዘገያችሁ?» አሉ።

ካህኑ ደጁ ላይ እንደደረሱ ቆሙ።

«እሑዱን ሰምቸዋለሁ» አሉ። «እሑድ እሑድ አድምጭኝ ብሎ ሰው ልኮልኝ ነበር። ሁሉም ሲጠራ አለሁ አለ። የኔ ልጅ ሲጠራ ዝም ብሎ አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ልጅሽ በሬዲዮ ተጠራልሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ እያለ መጣ። እኔም እንኳን አብሮ ደስ ያለን አልሁ። ሰው መጥቶ ሳይነግረኝ በሬዲዮ አልቅሸ፣ ልጀን የቀበሩትን ላሳፍር? በየማለዳው በሬን ከፍቸ ጠበቅኋችሁ።»

ከዚያ ጮኹ። ወንዶቹም ሁሉ ከጥቅምት ጀምሮ በሆዳቸው የያዙትን ለቀቁት። ካቦው መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔም አለቀስኩ፤ ማንም ግን የኔን ልቅሶ ያስፈለገው አይመስለኝም።

በሠልስቱ ማግስት ልሰናበታቸው ስል አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ድምፃቸው ተዘግቷል። ይረግሙኛል ብዬ ነበር።

«የሬዲዮው ሰው አንተ ነህ አሉ?»

«አዎ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ካቦው እንደነገረኝ መስከረም ላይም ሄደህ ነበር። ያኔ ልጀ ደህና ነበር። እሱን የቀዳህበትን ስጠኝ። አለሁ ያለበትን።»

የለኝም አልኳቸው። ያን ቀን ያሾፉብኝ መስሎኝ መቅጃዬን ሳልከፍት መመለሴን ነገርኳቸው። ዓይኔን ትኩር ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሰው ሳይ እኔም እንዲያ ነው የማየው።

«ያን ሁሉ መንገድ መቅጃ ይዞ ሄዶ ሳይቀዳ የሚመለስ ሰው አለ?» አሉ።

ማልኩላቸው። መቅጃዬን አውጥቼ ያለውን ሁሉ አሰማኋቸው፤ የመስከረም ምንም የለም። ጨርሰው ከሰሙ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። አሁንም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ የጎረቤት ስልክ እያስደወሉ ያገኙኛል። ጤናዬን፣ ልጆቼን፣ ዝናቡን ይጠይቁኛል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለሬዲዮ ባይሆን ለሳቸው ብቻ እንድልክላቸው፣ ለማንም እንደማያሰሙ ይለምኑኛል። የለኝም እላለሁ። አያምኑኝም። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን አላምንም።